መከታ ያልተሠራለት ገደል

እናንተ ከስሜን ተራሮች እንጀራ የምትቆርሱ ሁሉ፣ ስሙኝ። ጎንደር ከተማ ቢሮ ከፍታችሁ ጉዞ የምትሸጡ፣ ደባርቅ ላይ በማኅበር ተራ እያስያዛችሁ ሰው የምታሰማሩ፣ የመግቢያ ክፍያ ተቀብላችሁ ደረሰኝ የምትቆርጡ፣ የመድን ውል የምታዋውሉ፣ ከባሕር ማዶ መጥታችሁ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ፎቶ የምትነሡ፤ ለሁላችሁም ነው የምናገረው። ሰውን በገደል አፋፍ እየነዳን፣ ቢወድቅ ማን ያነሣዋል ብለን አልጠየቅንም። የወደቀውን «እግዜር ያለው ሆነ» ብለን ሸኝተን በማግሥቱ ሌላ በቅሎ ጭነናል። ይህ ኀጢአት ነው። በስሙ እንጥራውና ከእርሱ እንመለስ።

ገደሉን አናውቀውም የሚል ሰበብ አያዋጣም። እመት ጎጎ የተባለው ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ምን እንዳለ ያያል፤ የስሜን አፋፍ በአንዳንድ ቦታ እስከ 1,500 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ዐለቱ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ፣ በየንብርብሩ የረጋ እሳተ ገሞራ ነው። ውርጭና ዝናብ ሲሰነጥቀው ስለኖረ፣ ደህና የሚመስለው ቋጥኝ እጅ ሲያርፍበት ተፈንቅሎ ይሄዳል። ዩኔስኮ ይህን ምድር፣ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ አድርጎ የመዘገበው ለዚሁ ለተቆራረጠ ገደሉ፣ ለዋልያውና ለጭላዳው ነው። ውበቱን ለመሸጥ ማንም አልቀደመንም። የውበቱ ዕዳ ሲመጣ ግን አንዳችን በሌላችን ጀርባ እንሸሸጋለን።

እንግዳ ተራራ ሲወጣ ብቻውን አይወጣም። ጠመንጃ ያነገተ ስካውት አብሮት ይሄዳል፤ ያለ እርሱ ፓርኩ ውስጥ መግባት አይፈቀድም። አስጎብኚው ከፊት ይቀድማል። ምግብ አብሳዩ አለ። ከሁሉም ኋላ ድንኳኑን፣ ጋዙንና የእንግዳውን ሻንጣ ጭኖ በቅሎ ነጂው ይመጣል። ጨነቅ ሰፈር ላይ ማታ ውርጭ ሲወርድ ይህን ሰው እዩት። እንግዳው ወፍራም ጃኬቱን ለብሶ ድንኳኑ ውስጥ ተኝቷል፤ በቅሎ ነጂው እግሩን በላስቲክ ጫማ እንዳለ፣ ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ዳር ኩርምት ብሎ ያድራል። ሲነጋ የ4,430 ሜትሩን የቧሂት ተራራ ሲያቋርጡ የሚረግጡት መንገድ አንድ ነው፤ የሚያዳልጣቸው ጠጠርም አንድ ነው። እንግዳው ኪስ ውስጥ ግን ከአገሩ ይዞት የመጣው የመድን ውል አለ። ሌላኛው ቢሰበር የሚደውልበት ስልክ የለውም።

እግሩ የተሰበረ ሰው ከስሜን እንዴት እንደሚወርድ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ሁለት ረጃጅም አጠና ይፈለጋል። በመካከሉ ገመድ ይጠላለፋል፣ በላዩ ጋቢ ይነጠፋል። ቁልቁለቱ ላይ እንዳይንሸራተት የተጎዳው ሰው በነጠላ ይታሰራል። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሌሎች አራት ከጎን ይሄዳሉ፤ ትከሻ ሲዝል ይቀያየራሉ። የተሸካሚዎቹ እግር ድንጋይ በነካ ቁጥር በሽተኛው ይጮኻል። እንዲህ እየተባለ መኪና የሚገባበት ጥርጊያ ላይ ይደረሳል፤ መኪና እስኪገኝ ይጠበቃል። ከዚያ ደባርቅ፣ ጉዳቱ ከከበደ ደግሞ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል። ቃሬዛ የሚሸከመው ገበሬ ዋጋ አይጠይቅም፣ እግዚአብሔር ይስጠው። እኛ የምንመካበት ሌላ የነፍስ አድን አገልግሎት የለም። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲቃጠል እሳቱን የሚያጠፋ ሄሊኮፕተር ከኬንያ ነው የመጣው፤ የእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎችም መጥተው አግዘዋል። ዓለም የሚያውቀው ጓሳ ሲነድ ይህ ሁሉ ሆነ። የበቅሎ ነጂው እግር ሲሰበር ቃሬዛው ብቻ ይቀርባል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ ማንም አይተርከውም። ሰውየው ወይ በሆስፒታል ጄሶ ታስሮለት፣ ወይ በወጌሻ ታሽቶ ቤቱ ይተኛል። የእንግዳ ወቅት ከመስቀል በኋላ እስከ መጋቢት ነው፤ ተኝቶ ያሳልፈዋል። እርሻውን የሚያርስለት የለም። በሬ ይሸጣል። ትልቁ ልጅ ትምህርቱን ትቶ በአባቱ ተራ በቅሎ ይነዳል፣ ያንኑ አፋፍ። ያሰማሩት ሰዎች አንድ ጊዜ መጥተው ይጠይቁታል፣ ብር ያዋጡለታል። መዋጮው ደግነት ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን የሰጪው ልብ ሲቀዘቅዝ ያቆማል። ይህ ሰው የሚፈልገው የሚለምነውን ሳይሆን የሚጠይቀውን ገንዘብ ነው፤ ፊርማና ማኅተም ያለበት፣ እምቢ ቢሉት ፍርድ ቤት የሚያስከፍለው።

ይህ አዲስ ትምህርት አይምሰላችሁ። በኦሪት ዘፀአት ሰውን መትቶ ያስተኛ ሰው፣ ተጎጂው ሥራ የፈታበትን ጊዜ እንዲከፍልና እስኪድን እንዲያሳክመው ታዟል። ዛሬ የአደጋ መድን የሚከፍለው እነዚሁኑ ነው፤ የሕክምናውን ወጪና ሥራ የፈታበትን ሳምንት፣ ከዚያም ቢከፋ ለአካል ጉዳቱ ወይም ለሞቱ ካሳ። በኦሪት ዘዳግም ደግሞ ሙሴ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል፤ መከታ ሳያበጅ ሰው ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በዚያ ቤት ላይ ነው። ባለቤቱ ማንንም አልገፈተረም። መከታ አለማበጀቱ ብቻ ባለ ደም አደረገው። እኛ ጣሪያ አልሠራንም፤ ጣሪያው እግዚአብሔር የሠራው ነው። ሰውን እያስከፈልን ወደዚያ ጣሪያ የምናወጣ ግን እኛ ነን።

የአገሩ ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የሕክምናውን ወጪ ያሸክመዋል፤ በጡረታ ዐቅድ ያልታቀፈው ሠራተኛ ዘላቂና ሙሉ የአካል ጉዳት ከደረሰበት የአምስት ዓመት ደመወዙን ያህል ካሳ ያስከፍለዋል። ይህን ታውቃላችሁ። ስለምታውቁም ነው «እኔ አሠሪው አይደለሁም» የምትሉት። ድርጅቱ «የማኅበሩ ሰው ነው» ይላል። ማኅበሩ «እኔ ተራ ነው የማስይዘው፣ የቀጠረው ድርጅቱ ነው» ይላል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት «እኛ የምንቆጣጠረው ዱሩን ነው» ይላል። ጲላጦስም እጁን ታጥቧል፤ ከደሙ አልነጻም።

ከጎንደር ደባርቅ እህል የሚያመላልስ አይሱዙ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ ቢገኝ ይቀጣል፤ ግዴታው በሕግ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ባለ መኪናው ሲያጉረመርም ቆይቶ ዛሬ ለመደው፣ ተለጣፊውን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ ይሄዳል። ሰውን በእግሩ ገደል ለገደል የሚመራውን ግን የፓርኩ በር ላይ አስቁሞ «የሰዎችህ መድን የታለ?» የሚል አላየሁም። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ደረሰኝ የሚቆርጠው ሰው አንድ መስመር ቢጨምርበት ይበቃል።

የእኛን ሥራ የሚሠሩ ሌሎች አሉ፣ በደም ነው የተማሩት። ኔፓል ውስጥ ሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. የኤቨረስት በረዶ ተንዶ 16 የተራራ ሠራተኞች ሞቱ። መንግሥታቸው ለቀብር ብሎ ለያንዳንዱ ቤተሰብ 40,000 ሩፒ፣ በጊዜው 400 ዶላር ገደማ፣ ልስጥ አለ። ሸርፓ የሚባሉት የተራራ ሠራተኞች ተቆጡ፤ ሥራ አቆሙ፤ የዚያ ወቅት የኤቨረስት ጉዞ በኔፓል በኩል ከሞላ ጎደል ቆመ። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው በግዴታ የሚገባለት የሕይወት መድን ዝቅተኛው መጠን ከ1 ሚሊዮን ወደ 1.5 ሚሊዮን ሩፒ ከፍ እንዲል መንግሥት ተስማማ። ልብ በሉ፤ እነርሱ የተጣሉት መድኑ ስላነሰ ነው። እኛ ዘንድ ገና ይኑር አይኑር የሚለው አልተነሣም።

ሩቅ መሄድስ ምን ያስፈልጋል። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚህችው በጎንደር፣ በአፄ ፋሲል መዋኛ፣ ሕዝብ ጥምቀትን ሊያይ የተቀመጠበት የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞተ፣ በጣም ብዙ ሰው ቆሰለ። ነጭ ለብሶ ለበረከት የወጣ ሰው ነበር። ከተማው አለቀሰ። ሲያለቅስ ከርሞ በቀጣዩ ዓመት ሥራው ቀጠለ። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ዛሬ ርብራብ ለሚያቆም፣ ፈረስ ለሚያስጋልብ፣ ወጣቶች ከግንብና ከዛፍ ላይ ወደ ውኃው ሲዘሉ ለሚያይ አዘጋጅ ሁሉ፣ አደጋው ቢደገም የሟች ቤተሰብ ማንን እንደሚጠይቅ በወረቀት የተጻፈ ነገር አለ? ከሌለ ከዚያ ቀን የተማርነው ማልቀሱን ብቻ ነው።

«እግዚአብሔር ይጠብቀናል፤ መድን መግባት እምነት ማጣት ነው» የምትሉ አላችሁ። በተለይ ከናንተ ጋር ጠበቅ ያለ ነገር አለኝ። ሰይጣን ጌታችንን ወደ መቅደሱ ጫፍ ባወጣው ጊዜ ያቀረበለት ይህንኑ ነው፤ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል አለው። ጌታችን አልወረወረም። አምላክን መፈታተን እንደማይገባ ነው የመለሰለት። እናንተ የምትወረውሩት ደግሞ ራሳችሁን እንኳ አይደለም፤ የሌላ ሰው ባልና የሌላ ሰው አባት ነው። በሰው ነፍስ ላይ የሚታየው ድፍረት እምነት አይባልም። ቅዱስ ያሬድ በዚህ ተራራ በብሕትውና እንደኖረ አበው ይናገራሉ፤ እርሱ ሲወጣ ማንንም በደሞዝ ቀጥሮ፣ የማንንም ጭነት አሸክሞ አልወጣም። የባሕታዊን ሽፋን ለነጋዴ አትስጡት።

ለእንግዶቹም፣ በተለይ ከዋሽንግተን፣ ከለንደንና ከቶሮንቶ ለምትመጡ ወገኖቻችን ቃል አለኝ። የመድን ውላችሁን ያነበባችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ? ብዙ የጉዞ መድን ውሎች የከፍታ ጣሪያ አላቸው፤ አንዱ 3,000 ሜትር ላይ ያቆማል፣ ሌላው 4,000፣ ሌላው 4,500። የመጀመሪያ ሌሊታችሁን የምታድሩበት ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ብዙ ውሎች ደግሞ ገመድ ወይም መሪ የሚያስፈልገውን ተራራ መውጣት ከሽፋን ውጭ ያደርጋሉ፣ ዐለት መውጣትንም በስሙ ጠርተው ያስቀራሉ። የብሪታንያን ጨምሮ በርካታ መንግሥታት ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ በኋላ ዜጎቻቸው ወደ አማራ ክልል እንዳይሄዱ መክረዋል፤ መንግሥት አትሂዱ ያለበት ቦታ የሄደን ሰው አብዛኛው ውል አይሸፍንም። ይህን ሁሉ እያወቃችሁ የመድን ቅጹ ላይ «ለቤተሰብ ጥየቃ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ቤተሰብ ጥየቃ ራስ ደጀን ላይ አይደረግም። ውሸት ነው። በእኛም በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ መድን ገቢው አደጋውን የሚመለከት ነገር አውቆ ከሸሸገ ወይም ሐሰት ከተናገረ ውሉ ይፈርሳል። ስትወድቁ ውሉ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይገኛል። የሚሸከማችሁ ያ ላስቲክ ጫማ ያደረገው ሰው ነው፤ የሆስፒታሉን የሚያስይዘውም አስጎብኚያችሁ ከኪሱ ነው። ጥቂት ጨምሮ ለሚከፍል ከፍታውንና ዐለት መውጣቱን የሚሸፍን ውል ይሸጣል። እርሱን ግዙ፣ የምትሄዱበትንም ቦታ በትክክል ንገሩ።

ሌላም አለ። ከጎንደር ተነሥቶ በግማሽ ቀን መኪና ሳንቃበር የሚገባ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። ራሱን ሲያመው «ብርዱ ነው» ይለዋል፤ ሲያስመልሰው «ምግቡ ነው» ይለዋል። የከፍታ ሕመም ሳንባና አንጎል ላይ ውኃ እስኪቋጥር ከደረሰ ይገድላል፤ ዋናው መድኃኒቱ ሳይዘገዩ መውረድ ነው። ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ ይላሉ። እንግዳው ቸኩሏል ብላችሁ የአምስት ቀኑን ጉዞ በሦስት ቀን የምትሸጡ፣ ያ ችኮላ የእናንተ ጥፋት ነው። እናንተም ወጣቶች፣ ለአንድ ፎቶ በእመት ጎጎ ጫፍ ተንጠልጥላችሁ የምትስቁ፣ እናታችሁ አላሳደገቻችሁም? ፎቶውን የሚያየው ሰው ጣቱን አንሸራቶ ያልፋል።

መድን ሰጪዎች ሆይ፣ እናንተንም አልዘላችሁም። በ1986 ዓ.ም. የግል መድን ድርጅት ዳግም ሲፈቀድ የመንግሥቱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻውን ነበር፤ ዛሬ ብዙ ናችሁ፣ ጎንደርም ቅርንጫፍ አላችሁ። የመኪናና የባንክ ብድር መድን ስትሸጡ ትሮጣላችሁ። የቡድን የአደጋ መድን እጃችሁ ላይ አለ፤ የስም ዝርዝር ተያይዞ ለአንድ ሥራ የሚሰማሩ ሰዎችን በአንድ ውል የሚሸፍን ነው። ደባርቅ ወጥታችሁ የበቅሎ ነጂዎችን ሥራ አይታችሁ፣ ለሥራው የሚስማማ ዐረቦን አስልታችሁ ያውቃላችሁ? የማይሸፈነውን ዝርዝር ከገጹ ጀርባ በደቃቃ ፊደል አትደብቁት፤ በሚገባው አማርኛ ቁጭ ብላችሁ ለበቅሎ ነጂው አንብቡለት። ተራራ መውጣትን ከሽፋን ውጭ አድርጎ ለተራራ መሪ መድን መሸጥ ገንዘቡን መስረቅ ነው።

«ጊዜው ክፉ ነው፤ በጦርነቱና በግጭቱ እንግዳ ጠፋ፣ ከየት አምጥተን ዐረቦን እንክፈል?» ትላላችሁ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ንግዳችሁ መድቀቁን አውቃለሁ። ነገር ግን እንግዳ ሲጎርፍ በነበረበት ዘመንስ ከፍላችኋል? ያን ጊዜ ሆቴል ሠራችሁ፣ መኪና ገዛችሁ፣ የጉዞ ዋጋ ጨመራችሁ። የመድኑ መስመር በዚያን ጊዜም ባዶ ነበር። አሁን ደግሞ ከብዙ እንግዳ የሚገኝ ገቢ ስለሌለ፣ የተሰበረ ሰው ከበፊቱ ይልቅ ምንም የሚይዘው ነገር የለውም። ዕድር አለን እኮ። ደሀው ገበሬ ሳይቀር በየወሩ ከኪሱ አውጥቶ ይከፍላል፣ ገንዘብ ያዡም ስሙን በመዝገብ ይጽፋል። ለሞት እንዲህ ተደራጅተን፣ እግሩ ተሰብሮ በሕይወት ላለው ሰው መደራጀት እንዴት አቃተን?

ዘኬዎስ ንስሐ ሲገባ ዕንባውን አላስቆጠረም፤ የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቆሞ ተናገረ። የእኛም ንስሐ መቁጠሪያና ስግደት ብቻ ከሆነ ጉድለት አለበት። ቀድሞ በእናንተ ሥራ ተጎድቶ ቤቱ የቀረ ሰው ካለ ታውቁታላችሁ፤ ቤቱም የት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሂዱና ዕዳችሁን ጠይቁት። ድርጅቶች በጉዞው ዋጋ ውስጥ የሰዎቻችሁን የአደጋ መድን አስገቡ፤ እንግዳው ለድንኳኑ እንደሚከፍል ለዚህም ይከፍላል። ማኅበራት የተራ መዝገባችሁን የመድን መዝገብ አድርጉት፤ በኦስትሪያ የተራራ ክበብ አባል የሆነ ሰው ከአባልነት ክፍያው ጋር የነፍስ አድን ወጪ ሽፋን አብሮ ያገኛል፣ እናንተም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። ውሉን የሚይዘው ሰው ሁለት ነገር ይወቅ፦ አደጋ መድረሱን እንዳወቀ፣ ቢዘገይ በአምስት ቀን ውስጥ፣ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ አለበት፤ በውሉ የሚነሣ ጥያቄም በሁለት ዓመት በይርጋ ይታገዳል። በዝምታ ገንዘቡን ያጡ እንዳይሆኑ ለስካውቱም፣ ለአብሳዩም፣ ለሚስቶቻቸውም ንገሯቸው።

የንስሐ አባቶችም አስጎብኚው፣ ባለ ድርጅቱና የማኅበሩ መሪ ለኑዛዜ ሲመጡ ይህን ጠይቋቸው። ጾሙን፣ አሥራቱን ትጠይቃላችሁ፤ በሥራቸው ስለተሰበረው ሰውም ጠይቁ፣ ቀኖናውንም በዚያ ላይ ስጡ።

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲደርቅ እንደገና ትጭናላችሁ። የመጀመሪያው በቅሎ ከደባርቅ ሳይነሣ የሰዎቻችሁን ስም ዝርዝር ጽፋችሁ ጎንደር የመድን ቢሮ ግቡ። ከዝርዝሩም አናት ላይ የበቅሎ ነጂው ስም ይጻፍ።